12ቱ የመሪ ባሕርያትና የአባቴ አካፋ

ረጅም ነው። ጊዜ ያለው ያንብብ፤ የቸኮለ ቢያልፈው አልቀየምም። ሳያነብ ላይክ አድርጎ የሚያልፈውን ግን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የሆቴል አዳራሽ ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ በየሰዉ ፊት የታሸገ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ባነር፦ «የውጤታማ መሪ ባሕርያት»። ከሥሩ «ያንተ ሥልጠና ተመልሶ መጣልህ» ብሎ ስቆብኛል።

ቢስቅ አይፈረድበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንኑ ሥልጠና 3 ቀን ሙሉ ተቀምጬ ወስጃለሁ። ሰርተፍኬቱ ቤት አለ፤ ደብተሩም አለ። ትናንት አውጥቼ አየሁት። 12 ባሕርያት በኔው እጅ በየቁጥሩ ተጽፈዋል። ራዕይ ያለው። ቆራጥ። በራሱ የሚተማመን። አንደበተ ርቱዕ። ለውጥን የማይፈራ። ተከታዮቹን የሚያነቃቃ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። 12ኛው ምን እንደነበር አልነበብ አለኝ፤ ሻይ ፈሶበታል።

የማልረሳው ግን ሦስተኛውን ቀን ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። ጠዋት ከዋጃ ስልክ ተደወለልኝ። «ሌሊት ጎርፍ ወርዶ ነበር። የብረት በሩን የሚከፍት ጠፍቶ ውሃው እንዳለ በወንዙ ሄደ። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አለኝ የደወለው። ቁልፉ የተሰጠው ባለሙያ ከኔ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ተቀምጧል። ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። «ቆራጥነት» የሚለውን ከስክሪኑ እየገለበጠ ነበር።

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ተነሥቶ ሊወጣ አለና መልሶ ተቀመጠ። «ሳላስፈቅድ ብወጣ እቀጣለሁ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው፣ ይቀጣል። ውሃው በመፍሰሱ ግን ማንም አልቀጣውም፤ የሚቀጣበት መንገድም የለም። ማሽላው የደረቀበት ገበሬ ይሄን ሰው ምን ሊያደርገው ይችላል? ምንም። ስሙን እንኳ በትክክል አያውቀውም።

የዛሬው ነገሬ ይሄው ነው። መሪ ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው እያልን በየአዳራሹ ስንዘረዝር፣ መሪው ለማን ነው መልስ የሚሰጠው የሚለውን ጥያቄ ጥለነዋል። ከነጭራሹ 12ቱ ውስጥ አልነበረም። (ሻይ የፈሰሰበት እሱ ካልሆነ በቀር።)

አገሩን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ ስትሄዱ አስፋልቱ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ሜዳ ነን። የሚያኖረን ዝናብ በአብዛኛው የሚዘንበው እኛ ላይ ሳይሆን በምዕራብ በኩል ተራራው ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተራራው ከጠቆረ፣ እኛ ጋ ኮከብ እየታየ ማታ ወይ ሌሊት ጎርፍ ይወርዳል። እኛ ጎቡን እንጠብቃለን፤ የቆቦዎቹ ጎልናን፣ ሆርማትን ይጠብቃሉ። የሚቆየው ለሰዓታት ነው። በነዚያ ሰዓታት ቦይ ውስጥ አስገብተህ እርሻህን ካጠጣህ ማሽላህ ይቆማል። ካመለጠህ አመለጠህ። ለሚቀጥለው ጎርፍ ቀጠሮ የሚሰጥ የለም።

ስለዚህ አያቶቻችን ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ያስቀምጡ ነበር፤ የውሃ አባት ይባላል። ክረምት ሳይገባ ገበሬውን አስወጥቶ ቦዩን ያስጠርጋል፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ፣ በአፈር ውሃ መጥለፊያውን ያሠራል። ያልወጣውን ይቀጣል። ጎርፉ ሲመጣ ደግሞ ሌሊትም ይሁን ቀን እዚያው ቆሞ ተራ ያስጠብቃል። የቦዩ ራስጌ ያለው ሰው ሁልጊዜ ውሃ ያገኛል፤ እሱን ጅል እንኳ ያጠጣዋል። የውሃ አባት የሚፈተነው በግርጌ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው እርሻ ረጠበ ወይስ አልረጠበም? ሌላ መመዘኛ የለውም።

አባቴ የውሃ አባት ነበር።

በ12ቱ ብንመዝነው ይወድቃል። አንደበተ ርቱዕ አይደለም፣ ሲናደድ ይንተባተባል። መጻፍ ማንበብ አልተማረም። በራሱ መተማመኑንም እንጃ፤ አንድ ነገር ለመወሰን ሦስት ሰው ሲጠይቅ ነው የማውቀው። ራዕይ አለህ ወይ ብትሉት በሕልም የታየ ነገር የጠየቃችሁት መስሎት ፍቺ ወደሚያውቅ ሰው ይልካችኋል። ግን ተራራው በጠቆረ ማታ እራቱን ቆሞ ነበር የሚበላው። ጋቢውን ደርቦ፣ ሽመሉንና አካፋውን ይዞ ይወጣል። እኛ ተኝተን ጠዋት ስንነሣ እግሩ ጭቃ ሆኖ በር ላይ ተቀምጧል። እናቴ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ግርጌ ደረሰ?»

አሁን አባቱን ሊያመሰግን ነው እንዴ የምትሉ፣ ቆዩ። አባቴን አውርደውታል።

14 ዓመት ቢሆነኝ ነው። በዚያ ክረምት ጎርፉ ያነሰ ነበር። የአጎቴ እርሻ፣ ማለትም የእናቴ ወንድም፣ መሐል ላይ ነው። ያለ ተራው ሁለቴ ጠጣ። ከግርጌ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴትዮ እርሻ ደረቀ። ዘመድ ለዘመድ ነው፤ በጨለማ የተሠራ ነው፤ ይረሳል ብለው ይሆናል። ሴትዮዋ ግን ገበሬው ግራር ሥር በተሰበሰበበት ቀን መጣች። ሴት እዚያ ብዙም አትናገርም፤ ይሄም የኛ ነውር ነው፣ ልሸፍነው አልፈልግም። ቆማ፣ አባቴን አንቱ እያለች፣ «ልጆቼን አንቱ ያበሏቸዋል?» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

አባቴ ሊመልስ ሞከረ። ተንተባተበ። ከዚያ «አጥፍቻለሁ» አለ። እዚያው አወረዱት። ከሱ በዕድሜ የሚያንስ ሌላ ሰው መረጡ። የኛ ቤት በዚያ ቀን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። እኔ ትምህርት ቤት መሄድ አፈርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ አካፋውን ይዞ ወጣ። አዲሱ የውሃ አባት ቦይ እያስጠረገ ነው። ሄዶ ከሰዉ ጋር ተሰለፈ፤ ቆፈረ። ልጁ «አንቱ እዚህ ጋ ይሁኑ» ብሎ አመለከተው፤ እሺ ብሎ እዚያ ቆፈረ። ያን ጊዜ ውርደት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በዚህ አገር ከሥልጣን ወርዶ በማግሥቱ አካፋ ይዞ የተሰለፈ ስንት ሰው አይታችኋል? እኔ አንድ ነው ያየሁት። ከሁለት ክረምት በኋላ መልሰው መረጡት። ከዚያ በኋላ የግርጌውን እርሻ በእግሩ ረግጦ ሳያረጋግጥ ወደ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጥሩ የውሃ አባት ያደረገው ባሕርዩ አይደለም። ያች ሴትዮ ናት።

እሺ፣ ይሄ የአንድ ቦይ ወሬ ነው በሉኝ። ያንን የ12 ዝርዝር ይዘን ወደ ታላላቆቹ እንሂድ። ሩቅ አንሄድም፤ ከአላማጣ በላይ፣ በግራካሱ ጠመዝማዛ ወጥተን ኮረም ደርሰን እንመለሳለን።

አፄ ኃይለ ሥላሴን በዝርዝሩ መዝኗቸው። ራዕይ? ነበራቸው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አየር መንገዱ ምስክር ነው። አንደበት? ጄኔቫ ላይ በ1928 የተናገሩት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ድፍረት? ከዚሁ ከኛ በላይ ማይጨው ላይ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928፣ ራሳቸው ጦር ሜዳ ውለዋል። 12ቱንም ያልፋሉ። በ1965 ግን ወሎ በረሃብ እየረገፈ ነገሩ ተሸፈነ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልም አንሥቶ በጥቅምት 1966 ለዓለም እስኪያሳይ ድረስ አዲስ አበባ ዝም ብላለች። ንጉሡ ወሎን ሊያዩ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ወረዱ።

ፊልሙን ያሳዩት ሰዎችስ? መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን መዝኗቸው። ቆራጥነት ከተባለ ከሳቸው በላይ አታገኙም። ንግግራቸው ሕዝብ ያነቃንቃል። ራዕይ፣ ዓላማ፣ በራስ መተማመን፣ ሁሉም ሞልቷል። በመስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በባንዲራና በመብራት ታከብራለች፣ ኢሠፓ ተመሥርቷል። በዚያው ሰሞን ኮረም ላይ ሕዝብ በብርድ፣ ሜዳ ላይ፣ ጨርቅ ተከናንቦ ይሞታል። ከመጀመሪያው ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ እህል እንደሚያልቅ ተናግሯል። ሰሚ አልነበረም፤ የበዓሉ ጊዜ ነዋ። አሁንም ዓለም የሰማው በጥቅምት፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም መጥተው ሲያሳዩ ነው።

ሁለት ሥርዓት፣ 11 ዓመት ልዩነት። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ አብዮተኛ። በእምነታቸው፣ በአስተዳደጋቸው፣ በአነጋገራቸው የማይገናኙ ሰዎች። ዝርዝሩን ሁለቱም ያልፉታል። ሁለቱም ጊዜ የወሎን ሞት ለራሷ ለአዲስ አበባ የነገራት ከውጭ የመጣ ካሜራ ነው። ምክንያቱም ኮረም ላይ የተኛ ሰው ለንጉሡም ሆነ ለሊቀመንበሩ «ልጆቼን አንቱ ያበሏቸዋል?» የሚልበት ግራር አልነበረውም። እንግዲህ የሚራብንና የማይራብን አገር መለየት ያልቻለ ዝርዝር ምን ይጠቅመናል? ሚዛኑ ሁሉንም 50 ኪሎ ካለ፣ ችግሩ ሚዛኑ ጋ ነው።

የተማሩ ወዳጆቼ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «አገር ቦይ አይደለም፤ የውሃ አባት መብራት አያስገባም፣ ጉድጓድ አያስቆፍርም።» ልክ ነው። ዕውቀት ያስፈልጋል፤ መሐንዲስ ያስፈልጋል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ የለማውን መሬት አይቻለሁ፤ ያንን አባቴ በአካፋ አያመጣውም። ግን በዚሁ በራያ ሸለቆ ለጎርፍ መስኖ ተብለው በሲሚንቶ የተሠሩትን መጥለፊያዎች ደግሞ ሄዳችሁ እዩ። ስንቶቹ በደለል ተደፍነዋል! ጠባብ በር ተሠራላቸው፤ የኛ ጎርፍ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ድንጋይና አሸዋ፣ ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ይሄን ማንኛውም የውሃ አባት ያውቃል። የሲሚንቶው አፍ ሲደፈን ገበሬው ጎኑን ቆፍሮ ወደ አፈሩ መጥለፊያ ተመለሰ። የጎደለው የመሐንዲስ ዕውቀት ብቻ አይደለም። የሠራው ሰው፣ ሲደፈን ቆሞ የሚጠየቅበት ቀን የለውም። ርክክብ ፈርሞ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ሄደ።

ደግሞ «ይሄ ኋላቀር የገጠር ነገር ነው» ለምትሉ፦ ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ በየሐሙሱ እኩለ ቀን ላይ፣ በካቴድራሉ በር፣ የውሃ ዳኞች ይቀመጣሉ። 8 ቦይ፣ 8 ዳኛ። የመረጧቸው የቦዮቹ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ እነሱም ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው። ክርክሩ በቃል ነው፣ በአደባባይ ነው፣ ፍርዱ እዚያው ነው። ለመቶዎች ዓመታት ቆይቷል፤ ዩኔስኮ በ2009 በነሱ አቆጣጠር በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሰጣት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የፈጀችው እንዲህ ዓይነቶቹን በማጥናት ነው። ውሃውን፣ ግጦሹን፣ ደኑን ሳያጠፉ ለትውልድ ያቆዩት ሰዎች ምን እንደሚያመሳስላቸው ስትፈልግ ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ጠባቂው ራሱ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው፣ ወይም ለተጠቃሚዎቹ ተጠያቂ ነው። የጠባቂው ግርማ ሞገስ አልተነሣም።

እዚህ ላይ ኮሜንት ውስጥ የምትጠብቁኝ አላችሁ። «ዋጃ የማን ናት ትላለህ?» ልትሉኝ ነው። ከ2013 ወዲህ እዚህ አካባቢ የማኅተሙ ስም ተለዋውጧል፤ ለዚያም ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ ቀልድ አይደለም። እኔም አቋም አለኝ፣ ቤተሰቤም ዋጋ ከፍሏል። ዛሬ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ሩቅ ተቀምጣችሁ ካርታ እያሰመራችሁ የምትሳደቡ ሁለታችሁም ወገኖች፣ ማኅተሙ የናንተ ሲሆን የሚመጣው ሰው የዋጃ ሰው ሊያወርደው ይችላል? ሌሊት ስልኩን ያነሣል? ወይስ ከላይ ተመድቦ፣ 8 ወር ቆይቶ፣ ጎቡ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ ሳያውቅ ተዛውሮ ይሄዳል? ለዚህ መልስ ያለው ይጻፍልኝ፤ አነባለሁ። ስድብ የሚጽፈውን አጠፋዋለሁ፣ ይቅርታ።

ጣቴን ወደ ላይ ብቻ አልቀስርም። እኛ ራሳችን በደንብ ለሚናገር ሰው እንሞታለን። ስብሰባ ላይ ጥሩ የተናገረውን ጫት ቤት ገብተን ሦስት ቀን እናወራለታለን፤ ያስጠረገውን ቦይ ሄዶ ያየ የለም። ሽማግሌዎቻችን በደም የተፈላለገ ሰው ሲያስታርቁ የሚሰማቸው ሕዝብ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለ?» ሲባል አንገቱን ይደፋል። ያች ሴትዮ በግራሩ ሥር ያለችውን አንዳችን እንኳ በዚያ አዳራሽ አላልንም። እኔም ጭምር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሰው አውቄ፣ እጄን አውጥቼ «ይሄ ሰው ይሂድ፤ ውሃ እየፈሰሰ ነው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አበል ነበረበታ! ፈርሜ ወሰድኩ። ቀን ቆጥሬ ነው የወሰድኩት።

ለዚህ ነው ያን ደብተር የማልጥለው።

አሁን ግንቦት እያለቀ ነው። የቦያችን ጠረጋ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ይጀመራል፤ ከከተማ ያላችሁ ልጆች በሬ ወለደ ሳትሉ ኑ። ደለሉ ዘንድሮ ብዙ ነው፣ ከወገብ በላይ ነው። አባቴ አርጅቷል፤ መቆፈር አይችልም፤ ግን ወንበር ይውጣልኝ ብሏል፣ ራስጌ ላይ ተቀምጦ ያያል።

አንተ ደግሞ ባለቁልፉ ወንድሜ፣ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ስምህን አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። ና። የብረት በሩ ዝጓል፣ ዘይት ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ከገበሬው ጋር ቅዳሜ ግራሩ ሥር እንነጋገራለን። የኔ ሐሳብ ግርጌ ያለው ሰው ቤት ይቀመጥ የሚል ነው፤ አንተም ሐሳብህን ተናገር። አካፋ ከሌለህ የአባቴ አለ። እጀታው አምና ተቀይሯል።